ጥቁር መኪና ጭረቱን የማይደብቀው ለምንድን ነው? ስለ መወልወያ ማሽንና ስለ ሰም

ጥቁር መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቅጽበት አለች። መኪናው በሚገባ ታጥቦ ደርቋል፤ ቀን በጥላ ሥር ሲታይ መስታወት ይመስላል። ማታ ነዳጅ ለመቅዳት ማደያ ውስጥ ሲቆም ግን፣ ከጣሪያው በሚወርደው ኃይለኛ ብርሃን ሥር፣ ኮፈኖው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ የጭረት መረብ ብቅ ይላል። ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ድሩም አብሮት ይንቀሳቀሳል። «ማን ጫረብኝ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ጭረቱን ያመጣው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ አለዚያም መኪናውን ንጹሕ እንዲያደርግለት ገንዘብ የከፈለው አጣቢ ነው።

ይህ ነገር ከውበት ያለፈ ትርጉም የሚኖራቸው ወገኖች አሉን። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በሊሞዚን ሥራ እንደሚተዳደሩ የታወቀ ነው። ከዚሁ ሥራ መካከል የተሻለ ክፍያ የሚያስገኘው «ብላክ ካር» የተባለው አገልግሎት፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ጥቁር መኪና ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ሹፌር የመኪናው ቀለም የሥራ ልብሱ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በኤሌክትሪክ መወልወያ ማሽን፣ ይህን ልብስ እንደ አዲስ ማድረግ ይቻላል። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ በቀለም ቅብ እንጂ በምንም የማይጠገን ጉዳት ማድረስም ይቻላል። ሁለቱን የሚለያያቸው ቀለሙ ምን እንደሆነና ማሽኑ ምን እንደሚሠራበት ማወቅ ነው።

ጥቁር ብርሃን ሲውጥ

ነገሩን ከብርሃን እንጀምር። ዛሬ በመንገድ ላይ የምናያቸው መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከቀለማቸው በላይ አንድ ቀለም አልባና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አላቸው። ቀለም ቀቢዎች ክሊር ይሉታል። ብርሃን ይህን ሽፋን ቀጥ ብሎ ሲመታው ከ100 እጅ 4 እጅ ያህሉ ብቻ ከገጹ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የቀረው ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሥር ካለው ቀለም ጋር ይገናኛል።

ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ቀለም ውስጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት አለ። የዱቄቱ ቅንጣቶች የገባውን ብርሃን በየአቅጣጫው በትነው አብዛኛውን መልሰው ያስወጡታል። ስለዚህ ነጭ መኪና ላይ ያለ ጭረት የሚበትናት ጥቂት ብርሃን በዚያ ሁሉ የብርሃን ጎርፍ ውስጥ ትጠፋለች። ጥቁር ቀለም ውስጥ ግን የካርቦን ጥላሸት ነው ያለው፤ የገባውን ብርሃን ይውጠዋል። ወደ ዐይናችን የሚመለሰው ያ ከገጹ የተንጸባረቀው ትንሽ እጅ ብቻ ነው። ገጹ ፍጹም ለስላሳ ከሆነ ይህ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ሥርዓት ይዞ ስለሚሄድ ጥልቅና ጥርት ያለ ጥቁረት እናያለን። ገጹ ላይ ጭረት ካለ ግን የጭረቱ ግድግዳ ብርሃኑን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ ከኋላው ሊሸፍነው የሚችል ሌላ ብርሃን የለምና ወለል ብሎ ይታያል። ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጂ በነጭ ግድግዳ ላይ አይነበብም። ጥቁር መኪና ከነጩ ይልቅ ቶሎ የሚጫር የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ክሊር ከተሸፈኑ ጭረታቸው እኩል ነው፤ ጥቁሩ ግን አይደብቅም።

ክብ ክብ ሆኖ የሚታየውስ? በእርግጥ እጃችንን እያሽከረከርን ስላበስን ነው የሚሉ አሉ። የጭረቶቹ አብዛኛው ክፍል ግን በየአቅጣጫው የተሰመረ አጫጭር ቀጥተኛ መስመር ነው። ከእነዚህ ሺዎች መካከል የአምፖሉን ብርሃን ወደ ዐይናችን ሊመልሱ የሚችሉት፣ በአምፖሉ ነጸብራቅ ዙሪያ በክብ መልክ የተጋደሙት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ብርሃኑን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚልኩት አይታዩንም። ሌሊት በዝናብ የረጠበን ዛፍ ከበስተጀርባው መብራት ሲኖር ያየ ሰው ይህንኑ ያውቃል፤ ቅርንጫፎቹ መብራቱን ከበው የተሸመኑ ይመስላሉ። ዐይናችን ቦታ ሲቀይር ሌላ ስብስብ ተራውን ያበራል፤ ድሩ የሚከተለን የመሰለንም ለዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ ላይ መያዝ ይጠቅማል። ጭረት የሚታየው በክሊሩና ጭረቱን በሞላው አየር መካከል የብርሃን አሰባበር ልዩነት ስላለ ነው። ጭረቱ በውኃ ሲሞላ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ በዘይት ሲሞላ ደግሞ የዘይት ብርሃን አሰባበር ከክሊሩ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ጭረቱ ለጊዜው ይሰወራል። እርጥብ ጥቁር መኪና ሁልጊዜ የሚያምረው በዚህ የተነሣ ነው። ይህን የሚያውቁ ጋራዦችም አሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ያለን ሀብት ስንት ነው?

የመኪና ቀለም አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ የድርብርብ ሥራ ነው። በብረቱ ላይ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለጠፍ የዝገት መከላከያ ይመጣል፤ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ በመጨረሻም ክሊሩ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ሁሉም ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ይሆናሉ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ በተለምዶ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ የመኪናችንን ውበት የተሸከመው ሽፋን ከአንድ ዘለላ ጠጉር እንደሚሳሳ እንረዳለን።

ክሊሩ ለውበት ብቻ የተቀመጠ አይደለም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚውጡ ኬሚካሎች በውስጡ አሉ። ከልክ በላይ ሲሳሳ ጨረሩ ወደ ቀለሙ ይደርሳል፤ ክሊሩም ከሥሩ እየለቀቀ ይላጣል። ጣሪያቸውና ኮፈኗቸው ላይ እንደ ለምጽ ነጣ ነጣ ብለው የተላጡ ጥቁር መኪኖችን ሁላችንም አይተናል። እዚያ ደረጃ የደረሰን ገጽ መወልወል ልጣጩን ማስፋት ነው፤ መፍትሔው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪናውን እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ያመርት ነበር። በ1920ዎቹ በፍጥነት የሚደርቀው ናይትሮሴሉሎስ ላከር ሲመጣ መኪኖች በብዙ ቀለም አሸበረቁ፤ ላከሩ ግን በፀሐይ እየደበዘዘ በየጊዜው መወልወልን የሚጠይቅ ነበር። ክሊር በብዙ መኪኖች ላይ የተለመደው በ1980ዎቹ ነው። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች የትኛው ዓይነት እንደሆነ የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ፈትጉ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊር የለውም ማለት ነው። ክሊር እንዳለው በምታውቁት መኪና ላይ ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ደግሞ እጃችሁን አንሡ፤ ክሊሩ አልቋል።

መወልወል መቀነስ ነው

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» መጽሐፉ፣ መስታወት መወልወል ማለት ትልልቆቹን ጭረቶች ዐይን ሊለያቸው እስከማይችል ድረስ ወደ ደቃቅ ጭረቶች መለወጥ ነው የሚል ሐሳብ አስቀምጦ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆርጅ ቤይልቢ የተባለው ብሪታንያዊ ሳይንቲስት በተለይ ስለ ብረታ ብረት የተለየ ነገር ተናገረ፤ በእርሱ አስተያየት የገጹ ቁስ በፍትጊያ እየፈሰሰ ጉድጓዶቹን ይሞላል። ክርክሩ ረጅም ነበር። በመኪና ክሊር ላይ ግን ዋናው ሥራ ኒውተን ያለው ነው፤ መፋቅ። በፖሊሹ ውስጥ ያሉት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች ከጭረቱ ግራና ቀኝ ያለውን ከፍታ እየቆረጡ ወደ ጭረቱ ወለል ያወርዱታል። ጉድጓዱ አልተሞላም፤ ሜዳው ዝቅ አለ እንጂ።

ታዲያ እስከ ምን ድረስ? የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ነው። የገጹ ሸካራነት ከዚህ እጅግ ካነሰ ብርሃኑ እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ ዐይናችንም «መስታወት» ይላል። ስለዚህ የመወልወል ግብ ፍጹም ልስላሴ ሳይሆን ከብርሃን ሞገድ በታች መውረድ ነው። በለስላሳ ፓድና በደቃቅ ፖሊሽ የሚደረግ ቀላል ውልወላ አንድ ማይክሮን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ያነሣል። በሱፍ ፓድና ኮምፓውንድ በሚባለው ሻካራ ፖሊሽ የሚደረገው ግን በአንድ ጊዜ በርካታ ማይክሮን ሊወስድ ይችላል። በየዓመቱ በኮምፓውንድ የሚፋቅ መኪና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሀብቱን ይጨርሳል። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው ጭረት እንዲሁ መወልወል አያጠፋውም፤ እርሱን ለማጥፋት መሞከር ክሊሩን በዚያ ቦታ መብሳት ነው። ከእንዲህ ያለ ጭረት ጋር አብሮ መኖርን መማር ብልህነት ይመስለኛል።

ሁለቱ ማሽኖች

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ መወልወያዎች አሉ፤ ልዩነታቸውን ሳያውቁ መግዛት ጥቁር መኪና ላለው ሰው አደገኛ ነው።

የመጀመሪያው ሮታሪ ይባላል። ፓዱ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ፣ ያለ ማቋረጥ በኃይል ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 3000 ዙር ነው። ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓድ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 14 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መሀሉ ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍትጊያውም ሙቀቱም በጠርዙ ላይ ይከማቻል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ክሊሩ ይለሰልሳል፣ ይጎተታል፣ ይቃጠላል። ባይቃጠል እንኳ፣ በልምድ ያልበሰለ እጅ ሮታሪን ሲይዝ በፀሐይ ብርሃን ሥር የሚንቀሳቀሱ የጥላ መስመሮችን ይተዋል። ባለሙያዎች ሆሎግራም ይሏቸዋል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ እጅግ ደቃቅ ጭረቶች ናቸው፤ ነጭ መኪና ላይ የማይታዩት፣ ጥቁር ላይ ግን ከመጀመሪያው ድር ይልቅ የሚያስከፉት እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ዱዋል አክሽን የሚባለው ነው። ፓዱ ከመዞሩም በላይ በትንሽ ምሕዋር፣ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ባላት፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዙሩ ልቅ ነው፤ በጣም ከተጫኑት መዞሩን ያቆማል። አንድ ቅንጣት በአንድ መስመር ላይ ደጋግማ ስለማትሄድ ሆሎግራም አይፈጠርም፣ ሙቀቱም ይበተናል። ሥራው ዘገም ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን ለሚይዝ ሰው፣ መኪናውም ጥቁር ከሆነ፣ ከዚህ ሌላ የምመክረው የለም። በፓዱ ጀርባ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። እየሠራችሁ መስመሩ ሲዞር ካያችሁ ፓዱ እየሠራ ነው፤ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ጫናችሁ በዝቷል።

ሥራው እንዴት ይሄዳል?

አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው። አቧራ ባለበት ቀለም ላይ የሚሽከረከር ፓድ ብርጭቆ ወረቀት ነው። መኪናው መጀመሪያ በግፊት ውኃ ይለቅለቃል፣ በመኪና ሻምፖ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ መዳፋችሁን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ኮፈኖውን ዳብሱት። እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ቀለሙ ላይ ተተክሎ የቀረ የብረት ብናኝና የዛፍ ሙጫ አለ። ይህን የሚያነሣው ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሰል ነገር ነው፤ ገጹን በማለስለሻ ፈሳሽ እያረጠቡ ሳይጫኑ ያንሸራትቱታል። መሬት ላይ የወደቀ ክሌይ ይጣላል። ውድ ነው ብሎ አንሥቶ መቀጠል የማደያውን አሸዋ በእጅ እንደ መፈተግ ነው።

ቀጥሎ ጥላ ያለው ቦታና የቀዘቀዘ ብረት ያስፈልጋል። ፀሐይ የመታው ጥቁር ገጽ ፖሊሹን ወዲያው ያደርቀዋል። የበሮችና የኮፈኖ ጠርዞች፣ እንዲሁም ጎልተው የወጡ መስመሮች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። ቀለሙ በሚቀባበት ጊዜ ከጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ እዚያ ስስ ነው፤ የፓዱ ጫና ሁሉ ደግሞ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል። ክሊር የሚበሳው በአብዛኛው በጠርዝ ላይ ነው። ጥቁር የፕላስቲክ ክፍሎችም ይሸፈኑ፤ ፖሊሽና ሰም ከነካቸው ነጭ እድፍ ይይዛሉ። ባምፐሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያሰራጭ ከሌላው ይልቅ በስሱ ይሠራል።

የሚችል ሰው የቀለም ውፍረት መለኪያ ቢጠቀም መልካም ነው። መሣሪያው የሚናገረው ግን የሁሉንም ድርብርቦሽ ድምር እንጂ የክሊሩን ብቻ አይደለም። አንድ በር ከሌሎቹ በእጥፍ ወፍሮ ከተገኘ ያ በር ከአደጋ በኋላ እንደገና የተቀባ መሆኑን ይጠቁማል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለሚያስብም ይህ ትንሽ መረጃ አይደለም።

ከዚያ ሙከራ። ሙሉውን መኪና ከመጀመር በፊት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ቦታ ይመረጣል፤ ሥራው ሁሌም ከለስላሳው ይጀምራል። ለስላሳ የስፖንጅ ፓድ፣ ደቃቅ ፖሊሽ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ሦስት አራት ጠብታዎች። ፓዱ ቀለሙ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ማሽኑ የሚበራው፤ በአየር ላይ ካበሩት ፖሊሹን ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይዳረሳል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ጨምሮ ማሽኑ በዝግታ፣ በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተጓዘ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ ይሄዳል። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ይቆማል። ብረቱን በእጅ ጀርባ ንኩት። ለብ ማለቱ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ፍጥነቱም ጫናውም ይቀነስ። ለስላሳው ጥምረት ካልበቃ ብቻ ወደሚቀጥለው፣ ሻከር ወዳለው እንሸጋገራለን። ከሻካራው በጀመረ ሰው እጅ የተወሰደ ክሊር አይመለስም።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ያገለገለ ጥቁር መኪናውን ለአንድ ጋራዥ ሰጥቶ ነበር። አመሻሽ ላይ ሲረከበው አንዲት ጭረት አልነበረችበትም። ደስ ብሎት የተጠየቀውን ከፈለ። ከሦስት እጥበት በኋላ ድሩ በሙሉ፣ አንድ እንኳ ሳይጎድል፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። የተደረገው መወልወል አልነበረም፤ ጭረቶቹ በዘይትና በሰም ተሞልተው ነበር። ማታለልም ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ፖሊሾች በተፈጥሯቸው ዘይት አላቸውና ሠራተኛው ራሱ ሳይታለል አልቀረም። መከላከያው ቀላል ነው። የተሠራችው ቦታ በውኃ በተበረዘ አይሶፕሮፒል አልኮል ረጥባ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ትታበስና በአንዲት ጠንካራ የእጅ ባትሪ በየአቅጣጫው ትታይ። አልኮሉ ዘይቱን ይወስዳል፤ የቀረው እውነት ነው። አልኮሉ ተቀጣጣይ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ሲጋራም ብልጭታም አይቅረበው፣ ቦታውም አየር ይኑረው። ለሌላ ሰው ከፍላችሁ የምታሠሩ ከሆነም ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንድ ፍተሻ ጠይቁ።

ሰሙ

በቅኔያችን ሰም የላዩ፣ ወርቅ የውስጡ ነው። በመኪና ላይም ቅደም ተከተሉ እንዲሁ ነው፤ ሥር ያለው ያልተስተካከለ እንደሆነ ሰሙ አያስተካክለውም። መወልወል የሚቀንስ ሥራ ሲሆን ሰም መቀባት የሚጨምር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው።

በመኪና ሰም ዘንድ ስሙ የገነነው ካርናውባ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል፤ ዛፉ በድርቅ ወራት ውኃ እንዳያጣ ቅጠሉን በዚህ ሰም ይሸፍናል። ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው፤ የሚቀልጠውም ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። ይህ ቁጥር በዱባይ ወይም በሪያድ ለሚኖር አንባቢ ትርጉም አለው፤ በበጋ ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ጣሪያ ከ70 ዲግሪ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በፀሐይ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት መኪኖች የጥቁሩ ጣሪያ ከብርማው እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የበለጠ ሞቆ ተገኝቷል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተፈጥሮ ሰም ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ሲላንት የሚባሉት ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ሙቀትን የበለጠ ይቋቋማሉ፣ ወራትም ይቆያሉ። በውበት ረገድ ካርናውባ ለጥቁር ቀለም ልዩ ጥልቀት ይሰጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቼ ልዩነቱን ለማግኘት ተቸግሬአለሁ።

ሴራሚክ ስለሚባለው ሽፋንም አንድ ነገር መባል አለበት። መሠረቱ ሲሊካ ነው፤ ከሰም ይልቅ ለዓመታት የሚቆይበት ሁኔታም አለ። ሻጮቹ ግን «ጥንካሬው 9ኤች ነው» ሲሉ ገዢው ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ይመስለዋል። 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ሽፋኑን 9ኤች የሚባል እርሳስ አልጫረውም ማለት ነው። ማዕድናት ከሚለኩበት የሞህስ ደረጃ ጋር አይገናኝም። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞህስ ደረጃ 7 ነው፤ ሴራሚኩንም ክሊሩንም ይጭራቸዋል።

ሰም በማሽን መቀባት ይቻላል፤ ዱዋል አክሽኑ በዝቅተኛ ፍጥነቱ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ፓድ፣ ያለ ጫና። ሰሙ እንደ እስትንፋስ ስስ ይሁን። ወፍራም ቅባት የሚጠቅመው የሰም ሻጩን ብቻ ነው፤ ትርፉ ሲታበስ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ በጥቁር ቀለም ላይም ደመና ይሠራል። ሲደርቅ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ይታበሳል።

ሰም የተቀባ መኪና ላይ ውኃ ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ይቆማል። ያ ውኃ በፀሐይ ከደረቀ ግን በውስጡ የነበረው ካልሲየም ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ጠብታው እንደ አጉሊ መነጽር ቀለሙን አቃጠለው የሚባለው በአብዛኛው ይህ የማዕድን ቅሪት ነው። ስለዚህ በሰም የተሸፈነ ጥቁር መኪናም ከታጠበ በኋላ ሳይውል ሳያድር መድረቅ አለበት።

ማሽኑን ዳግመኛ ላለማንሣት

ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ሥራውን የሚያጣው በእጥበት ነው። በባሕረ ሰላጤው የጠዋቱን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ ጨርቁ ግን ኳርትዙን በቀለሙ ላይ ይጎትተዋል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ላቫጆ ከፊታችን ያለፈውን የጭቃ መኪና አሸዋ ይዞ ይጠብቀናል። በበረዶ አገር ደግሞ በረዶውን ከኮፈኖ ላይ በመጥረጊያ መግፋት ከሁሉም የከፋ ነው። መስታወቱን ጥረጉት፤ ከብረቱ ላይ ግን ቀለሙን ሳትነኩ የላይ የላዩን ብቻ አንሥታችሁ የቀረውን ለሙቀቱ ተዉት።

በቤት ስታጥቡ ሁለት ባልዲ ይኑራችሁ፤ አንዱ ለሻምፖው፣ ሌላው ጓንቱን ለማለቅለቅ። ከላይ ወደ ታች እጠቡ፤ ከጎማው አጠገብ ያለው ክፍል በስተመጨረሻ ይምጣ። ማድረቂያው ፎጣ ወፍራምና ንጹሕ ይሁን፤ ሲታጠብም የጨርቅ ማለስለሻ አይጨመርበት፣ ውኃ የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሳልና። አንድ ጊዜ እንኳ መሬት የነካ ጨርቅ ወደ ቀለሙ አይመለስም፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጎማ መጥረጊያ ነው።